የመንግሥት ሠራተኛ ሥልጠና ከየት ይጀምር?

በአገራችን «ደጅ መጥናት» የሚባል አነጋገር አለ። ጥንት ባላገሩ ርስቱን ለማስመለስ፣ ወታደሩም ሹመት ወይም ጉልት ለማግኘት፣ ከመኳንንቱ ወይም ከንጉሡ ግቢ በር ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ደጅ ጠኚው መብቱን የሚጠይቅ ሳይሆን ጸጋ የሚለምን ሰው ሆኖ ይታይ ስለ ነበረ፣ መታገሡ ራሱ እንደ ታማኝነት ይቈጠርለት ነበር። ዛሬ ግቢው ቢሮ ሆኗል፤ በረኛውም በመስኮት በኩል የሚያነጋግር ጸሓፊ ሆኗል። አነጋገሩ ግን አልሞተም፤ ከቀበሌ እስከ ሚኒስቴር ድረስ ጉዳይ ያለው ሰው ዛሬም «ደጅ እየጠናሁ ነው» ይላል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛን ማሠልጠን ይህን ደጅ ጥናት ሊያስቀር ይችላልን? የሚችል ከሆነስ ምን ዓይነት ሥልጠና ነው? ነገሩ ተማሪን አይመለከትም ብሎ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምናለን።

ባለፈው ክረምት ከእኛ መካከል ሦስታችን ለመመረቂያ ጽሑፋችን የሚሆን መረጃ ለማየት የሚያስፈቅድ ደብዳቤ ፈልገን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ ይመሳሰላሉና። ሰኞ ሄድን፤ ማመልከቻችን ከመዝገብ ቤት አልተመራም ተባልን። ማክሰኞ ተመራ፤ የሚያየው ባለሙያ ግን አልገባም። ረቡዕ ባለሙያው ገባ፤ ጉዳያችንንም ከዐሥር ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አይቶ ጨረሰ፤ ነገር ግን ማኅተሙ በኃላፊው መሳቢያ ተቈልፎበት ነበር። ኃላፊው የት እንዳሉ ስንጠይቅ ጸሓፊው «ሥልጠና ላይ ናቸው» አለን። ሥልጠናው ስለ ምን እንደ ሆነ ጠየቅነው። «ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ» አለና ሳቀ፤ እኛም ሳቅን።

ከአጠገባችን ግን ያልሳቁ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። ለጡረታ የሚቀርብ የሟች ባለቤታቸውን የሥራ ዘመን ማስረጃ ሊወስዱ ሁለት መኪና ቀይረው የመጡ ናቸው። «እማማ፣ ሰኞ ይመለሱ» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ ባለፈውም ሰኞ ብለኸኝ ነበር እኮ፤ ለመሳፈሪያ የተበደርኩት ብር አለቀ» አሉት። ጸሓፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ምን ላድርግ እማማ፤ መፈረም አልችልም» ብሎ መለሰላቸው። እውነቱን ነበር። ከራሱ በላይ በግድግዳው ላይ ግን፣ በመስታወት የተሰቀሉ ሦስት የሥልጠና የምስክር ወረቀቶች ይታዩ ነበር።

እንግዲህ ሰውየው ሠልጥኗል፤ ጠባዩም ክፉ አይደለም፤ ሴትዮዋ ግን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ጉድለቱ የቱ ላይ ነው?

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ፣ የመንግሥቱ ሥራ ከግቢ ወጥቶ ወደ መሥሪያ ቤት መግባት ጀመረ። ዳሩ ግን ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች የሠለጠኑት በቤተ ክህነት ትምህርትና በግቢ ልማድ ነበር። በዚያው ዘመን የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በኋላም በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፣ የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ ጸሓፊዎችን ማውጣት እንደ ጀመሩ የፋሺስት ወረራ መጣ። በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ አለቁ። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤቶቹን እንደ ገና ያቆመው ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ከየቦታው እየለቀመ ነው።

ለሠራተኛ ሥልጠና ታስቦ አንድ ተቋም የተሠራው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነበር። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ርዳታ የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ይኸውም ኋላ የሥራ አመራር ኢንስቲትዩት የተባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በትእዛዝ ቍጥር 23 የማዕከላዊ ሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ተመሠረተ፤ በተከታዩ ዓመት የወጣው ደንብም ሠራተኛ በዝምድና ሳይሆን በችሎታ እንዲቀጠር የሚያዝ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም በአምስት ክፍል ተጀመረ፤ እነዚህም የበላይ አመራር፣ የወጪ አስተዳደርና ቍጥጥር፣ የሰው ሀብት አስተዳደር፣ የአገልግሎት አሰጣጥና ሥነ ምግባር ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቢፒአር መጣ፤ ቢኤስሲ ተከተለ፤ በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ የዜጎች ቻርተርም በየመሥሪያ ቤቱ በር ተለጠፈ። በየጊዜው በሺህ የሚቈጠር ሠራተኛ በአዳራሽ ተሰበሰበ። ስለዚህ ሥልጠና አልነበረም ብሎ የሚከራከር ሰው ሊኖር አይችልም።

ለምን እንዳልበቃ ለመረዳት፣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ሥራውን በሚገባ እንዲሠራ ምን ምን እንደሚያስፈልገው ለይተን እንይ። አንደኛው ዕውቀት ነው፤ ሕጉንና ደንቡን፣ የመሥሪያ ቤቱን ሥልጣንና የሥልጣኑን ወሰን ማወቅ። ሁለተኛው የእጅ ሙያ ነው፤ ደብዳቤ ማርቀቅ፣ ፋይል ማደራጀት፣ አቤቱታን መዝግቦ ጥሬ ነገሩን ማውጣት፣ ማሽን ላይ መሥራት። ሦስተኛው ጠባይ ነው፤ ባለጉዳዩን እንደ ሰው ማየት፣ «አይቻልም» ሲል ምክንያቱን መንገር፣ ያጠፋውን ማመን። አራተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ሥልጣን ነው፤ የተማረውን ሊሠራበት የሚያስችል ፈቃድ ማለት ነው።

አዳራሽ የመጀመሪያውን ይሰጣል። ሁለተኛውን በጥቂቱ ይነካል። ሦስተኛውን ይሰብካል እንጂ አያስለምድም፤ ጠባይ ከአለቃና ከባልደረባ የሚቀዳ ነገር ነውና። አራተኛውን ግን ፈጽሞ አይሰጥም። ያ ጸሓፊ ከሦስት ሥልጠና ተመልሶ የገባው ሦስት ጊዜም ወደዚያው ጠረጴዛ፣ ወደዚያው ደንብ፣ ማኅተም ወደሚቈለፍበት ወደዚያው መሳቢያ ነው። በወንፊት ውሃ የቀዳ ሰው ወንዙን መውቀስ አይችልም።

ለዚህ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፤ አጠር አድርገን እንዘርዝራቸው። ለሥልጠና የሚመረጠው ሰው ብዙ ጊዜ ሥራው የሚጠይቀው ሳይሆን ተራው የደረሰው ነው፤ አበሉ ከደመወዙ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ስላልሆነ፣ ሥልጠና እንደ ድጎማ ይታደላል። በዚህ ሠራተኛውን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው፤ ደመወዝ ወር ሳያደርስ ሲቀር ሰው ቀዳዳውን በተገኘው ይሸፍናል። ደግሞም የሚሰጠው ትምህርት ከውጭ መጻሕፍት የተገለበጠ ሆኖ፣ የወረዳው ጸሓፊ በየቀኑ የሚገጥመውን አንድ ፋይል እንኳ አያነሣም። በመጨረሻም ሥልጠናው የሚለካው በተሰብሳቢው ቍጥር ነው። ሪፖርቱ «ይህን ያህል ሠራተኛ ሠለጠነ» ይላል፤ የባለጉዳይ መመላለስ ከስንት ቀን ወደ ስንት ቀን ወረደ የሚል ዐምድ ግን የለውም።

ፈተናም መፍትሔ ተደርጎ ተሞክሯል። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሠራተኞቹንና ኃላፊዎቹን በጽሑፍ ፈተና መዝኗቸው ነበር፤ ብዙዎችም የማለፊያውን ነጥብ አላገኙም። ፈተና ለቅጥርና ለእድገት አስፈላጊ መሆኑን አንክድም። ሆኖም ፈተና የሚመዝነው ከአራቱ የመጀመሪያውን፣ ቢበዛ ሁለተኛውን ነው። ሴትዮዋን «ሰኞ ይመለሱ» ያለው ጸሓፊ ቢፈተን ያልፍ ይሆናል።

እንግዲህ በሌላ አገር እንዴት ያደርጉታል? እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1854 በወጣው የኖርዝኮትና የትሬቬልያን ሪፖርት መሠረት፣ ሥራ በውድድር ፈተና እንዲገኝ መንገድ ከፈቱ። ፈረንሳዮች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ ከፍተኛ ባለሥልጣናትን የሚያሠለጥን ብሔራዊ የአስተዳደር ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ትምህርት ቤቱ ብዙ አዋቂዎችን አወጣ፤ ነገር ግን ሕዝቡን የማያውቅ አንድ ወገን ይፈጥራል የሚል ወቀሳ እየበዛበት ስለ ሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ በሌላ ተቋም ተተካ። ከዚህ የምንማረው፣ ብልህ ሰው መምረጥና አስተምሮ ማውጣት ብቻውን እንደማይበቃ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው የህንድ ልማድ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1959 በተራራማዋ በሙሶሪ ከተማ የተከፈተው አካዳሚ፣ ለአስተዳደር ሥራ የተመረጡትን ወጣቶች በክፍል ውስጥ ካስተማረ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ወደ አውራጃ ይሰዳቸዋል። በዚያ አዲሱ ሹም ከትንንሾቹ ጽሕፈት ቤቶች ጋር እየተዘዋወረ ይሠራል፤ የመሬት መዝገብ የሚይዘው የቀበሌ ጸሓፊ እንዴት እንደሚጽፍ ያያል፤ የባላገሩን አቤቱታ ይሰማል። ከዚያ ተመልሶ ያየውን ይዞ እንደ ገና ክፍል ይገባል። የህንድ ቢሮ ከደጅ ጥናት ነፃ ነው ማለታችን አይደለም፤ እዚያም ያለውን መጓተት ሕንዶቹ ራሳቸው ይናገሩታል። ቅደም ተከተሉ ግን የሚያስተምር ነው፤ ክፍል፣ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ተመልሶ ክፍል።

ይህ ለእኛም ፍጹም እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለውን ደንብ ሲያወጣ፣ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር፤ አብዛኞቹም በአስተማሪነት ሠሩ። ብዙዎቹ የአገሪቱን ኑሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በዐይናቸው ያዩት በዚያ ዓመት ነው።

ከጠረጴዛ የሚጀምር ሥልጠና ምን እንደሚመስል በምሳሌ እናስረዳ። በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ዐሥር ሠራተኞች አሉ እንበል። አሠልጣኙ ወደ አዳራሽ አይጠራቸውም፤ እሱ ራሱ ወደ እነሱ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ቀን አንድ የተዘጋ ፋይል፣ ለምሳሌ የቤት ስም ማዛወሪያ፣ ከመዝገብ ቤት ያስወጣና ሁሉም በአንድነት ከገጽ እስከ ገጽ ያነቡታል። ማመልከቻው መቼ ገባ? ለማን ተመራ? በማን ጠረጴዛ ላይ ስንት ቀን ተኛ? ሥራው ራሱስ ስንት ደቂቃ ወሰደ? ይህን በሰሌዳ ላይ ሲጽፉት፣ ሥራው በጠቅላላ አንድ ሰዓት፣ ጥበቃው ግን ሃያ ቀን ሆኖ ቢገኝ ማንም መገረም የለበትም። ከዚያ እያንዳንዱ ጥበቃ ለምን እንደ ተፈጠረ ይጠየቃል። አንዱ ፊርማ ሕግ የሚያዘው ሆኖ ይገኛል፤ ሌላው ከብዙ ዘመን በፊት አንድ አለቃ የጀመሩት፣ ማንም ሳይሽረው የቀረ ልማድ ነው። የመጀመሪያው ይጠበቃል፤ ሁለተኛው ይሠረዛል።

በሁለተኛው ቀን ሠራተኞቹ ተራ በተራ ባለጉዳይ ይሆናሉ። ከመስኮቱ ውጭ ቆመው፣ የሚያስፈልጉት ማስረጃዎች በአንድ ጊዜ ሳይነገራቸው አንድ በአንድ ሲጠየቁ ምን እንደሚሰማቸው ያውቁታል። ከዚህ ቀጥሎ ለዚያ ጉዳይ የሚያስፈልጉት ማስረጃዎች፣ ክፍያውና ቀኑ በግልጽ አማርኛ፣ ወይም በአካባቢው ቋንቋ፣ በአንድ ገጽ ተጽፎ በበሩ ይለጠፋል። ይህች አንዲት ገጽ ጉዳይ ገዳዩን ሥራ ታስፈታለች፤ ጉዳይ ገዳይ የሚኖረው ሌላው ሰው የማያውቀውን መንገድ በመሸጥ ነውና። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን ያረጀ ተረትም የሚያዳክመው ስብከት ብቻ አይደለም፤ መብላት የሚቻልበትን ጨለማ ቦታ ማጥበብ ነው።

ይህ ሁሉ እንዲሆን ግን አለቃው ከሁሉ አስቀድሞ መሠልጠን አለበት፤ ያውም ከሠራተኞቹ ጋር፣ በዚያው ክፍል። ማኅተሙን ለምክትሉ ማስረከብ፣ እስከ የት ድረስ ጸሓፊው ራሱ እንዲወስን እንደሚፈቀድለት በጽሑፍ መወሰን የሚችለው እሱ ብቻ ነው። አዲስ ተቀጣሪም በሕጋችን የሙከራ ጊዜ አለው። ይህ ጊዜ ዛሬ በብዙ ቦታ ወረቀት በመሸከምና ሻይ በማዘዝ ያልፋል፤ ከአንድ ነባርና የተመሰገነ ሠራተኛ ጎን ተቀምጦ የሚማርበት ጊዜ ቢሆን ከብዙ አዳራሽ የበለጠ ይጠቅማል።

ይህ ሕልም ብቻ ነው የሚለን ካለ፣ አይደለም። በመሠረታዊ የአሠራር ለውጥ ዘመን ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረው የንግድ ፈቃድ ማውጣት በእጅጉ ያጠረው፣ ሠራተኞቹ የገዛ ሥራቸውን ደረጃ በደረጃ ቈጥረው የማያስፈልገውን ስለ ቈረጡ ነው። በሌሎች ቦታዎች ግን ያው ሐሳብ ቅጽ መሙላት ብቻ ሆኖ ቀረ። ልዩነቱ ከትምህርቱ ሳይሆን፣ ትምህርቱ ጠረጴዛውን ነክቶ እንደ ሆነ ወይም ሳይነካ እንደ ቀረ ነው።

ሌላው መከራከሪያ የማሽን ነገር ነው። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ሲከፈት፣ የብዙ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት በአንድ ጣራ ሥር ተሰበሰበ። ይህ መልካም ጅምር ነው፤ ሰውን ከቢሮ ቢሮ ከመንከራተት ያድናልና። ነገር ግን ማሽን ለሚሠራበት ሰው መሣሪያ እንጂ ምትክ አይደለም። «ነገ ና» የሚለው አፍ «ሲስተም የለም» ማለትን ለመማር አንድ ቀን አይፈጅበትም። ሲስተሙ በእውነት ሲጠፋ ጉዳዩን በእጅ መዝግቦ፣ ስልክ ቍጥር ተቀብሎ፣ ሲመለስ ራሱ የሚደውል ሠራተኛ ግን ሥልጠናው ደርሶታል እንላለን።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከእኛ መካከል ከጥቂት ዓመት በኋላ ከመስኮቱ በስተ ውስጥ የሚቀመጡት ጥቂቶች አይደሉም። በመኝታ ክፍላችን ስለ ቢሮክራሲ ስንሳለቅ፣ የምንሳለቅበት ወንበር የእኛው መሆኑን እንዘነጋለን። የተማርነው የአስተዳደር ንድፈ ሐሳብ፣ የመጀመሪያው ደመወዛችን የቤት ኪራይ ሳይሸፍን ሲቀር፣ ባልደረባችንም «አዲስ ስለ ሆንክ ነው፤ ትለምደዋለህ» ሲለን፣ ብቻውን ያጸናናል ወይ? እኛ እንጠራጠራለን። ስለዚህ ሥልጠናችንን ከአሁኑ፣ ከጠረጴዛው እንድንጀምር አንድ ነገር እናቀርባለን።

በመጪው ክረምት እያንዳንዳችን ወደ ትውልድ ቦታችን ስንሄድ፣ አንድ ባለጉዳይ እንምረጥ፤ ጎረቤት፣ አክስት፣ መጻፍ የማይችል ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። ከእሱ ጋር ወደ ቢሮው እንሂድ። ልንከራከርለት ወይም አማላጅ ልንሆንለት አይደለም፤ ልንጽፍ ነው። በየትኛው ቀን ማን ምን አለው? ስንት ጊዜ ተመላለሰ? ለመሳፈሪያ ስንት አወጣ? ሠራተኛውንም «ይህን ሥራ ለማፋጠን የሚያግድህ ምንድን ነው?» ብለን በትሕትና እንጠይቅ፤ መልስ አለው፤ ጠይቆት የሚያውቅ ግን የለም። በጥቅምት ስንገናኝ፣ የሰዎቹንና የመሥሪያ ቤቶቹን ስም አውጥተን ጽሑፎቹን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንሰብስብ፤ የአስተዳደር ትምህርት ክፍል መምህራኖቻችንም እንደ መማሪያ እንዲያዩአቸው እንለምን።

ያች እናት በሚቀጥለው ሰኞ ተመልሰው መምጣት መቻላቸውን አናውቅም። ደብዳቤያችን ግን ዐርብ ዕለት፣ ኃላፊው ከሥልጠናው ሲመለሱ፣ ተፈርሞልናል።